«ታይም» አንድ ነው፣ ጊዜ ግን ብዙ ነው

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። በእንግሊዝኛ «ታይም» የሚለው ቃል ከፊቱ ቅጽል ሲቀመጥለት፣ ከቅጽሉም ፊት መስተዋድድ ሲመጣ ምን ይሆናል የሚል ነው። «ኢን ጉድ ታይም»፣ «አት ኤ ጉድ ታይም»፣ «ፎር ኤ ሎንግ ታይም»፣ «አት ዘ ሴም ታይም»፣ «ኢን ሃርድ ታይምስ» የመሳሰሉትን ሐረጎች ማለቴ ነው። እነዚህ ሐረጎች በየመጽሐፉ፣ በየፈተናው፣ በየማስታወቂያው ሞልተዋል። ተማሪውም በየድርሰቱ ይጽፋቸዋል። ነገር ግን ሲጽፋቸው ብዙውን ጊዜ ያሰበውን አይሉለትም።

ለምን? የእኔ አስተያየት ባጭሩ እንዲህ ነው። ችግሩ ተማሪው መስተዋድድ ስላልሸመደደ አይደለም፤ ሽምደዳውማ ሞልቷል። ችግሩ አስቀድሞ በአማርኛ የሚያውቀውን ልዩነት ይዞ ወደ እንግሊዝኛው እንዲሻገር ስላልተደረገ ነው። አማርኛችን ለጊዜ ብዙ ስሞች አሉት። እንግሊዝኛው ደግሞ ለዚያ ሁሉ በአብዛኛው አንዱን «ታይም» ያሠራል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው በመስተዋድዱ፣ በ«ኤ»ና በ«ዘ»፣ እንዲሁም በብዙ ቁጥር ምልክቱ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቅጽሉን ይተረጉምና መስተዋድዱን በዕድል ይጥላል። ስለዚህ እነዚህን ሐረጎች ከአማርኛው ስም ተነሥተን ብናስተምርና ብንማር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

የሰሌዳው ሕግና ጉድለቱ

ሁላችንም የተማርነው ሕግ አለ። «ኢን» ለወርና ለዓመት፣ «ኦን» ለቀን፣ «አት» ለሰዓት። ይህ ሕግ ሐሰት አይደለም። «ኢን መስከረም»፣ «ኦን ሰኞ»፣ «አት ስድስት ሰዓት» ለማለት በደንብ ይሠራል። ፈተና ላይም ሦስት አራት ጥያቄ ያስመልሳል።

«ታይም» ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ይቆማል። «ታይም» ወር ነው? ቀን ነው? ወይስ ሰዓት? እንደ አገባቡ ሁሉንም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ውጭ የሆነበት ቦታም አለ። ለማስተማር ልምምድ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ንፋስ መውጫ በሄድሁ ጊዜ የገረመኝ ይኸው ነው። የሰሌዳውን ሕግ ጥያቄ ሳልጨርስ የሚመልሱ ልጆች «በተመሳሳይ ጊዜ» የሚለውን ጻፉ ሲባሉ ግማሹ «ኢን ዘ ሴም ታይም»፣ ሌላው «ኦን ሴም ታይም» ብለው አመጡ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ታይም ከየትኛው ነው? ከወሩ ወይስ ከሰዓቱ?» አለችኝ። ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። የሰሌዳው ሕግ የማይመልሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የእኛ «በ» እና የእኛ ስሞች

እስቲ ወደ አማርኛችን እንመለስ። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» መስተዋድድን ከአማርኛ የቃል ክፍሎች እንደ አንዱ አድርገው ያቀርባሉ። ከመስተዋድዶቻችን ውስጥ እንደ «በ» የሚሠራ የለም። በቢላ ይቆርጣል፣ በመኪና ይሄዳል፣ በቤት ይቀመጣል፣ በበሩ ይገባል። ለጊዜም ስንመጣ ያው «በ» ነው፤ በሰዓቱ፣ በጠዋት፣ በክረምት፣ በደርግ ዘመን፣ በአጭር ጊዜ፣ በተመሳሳይ ጊዜ። ቅጽል ሲኖር ደግሞ «በ» ስሙን ትቶ ቅጽሉ ላይ ይለጠፋል። «ጥሩ በሰዓት» አንልም፣ «በጥሩ ሰዓት» እንላለን።

እንግዲህ «በ» ሁሉንም የሚሸከም ከሆነ ልዩነቱን የሚነግረን ምንድን ነው? ስሙ ነዋ! «በጥሩ ሰዓት መጣህ» እና «በጥሩ ዘመን ተወለድህ» ሲባል መስተዋድዱም ቅጽሉም አንድ ነው። የተለየው «ሰዓት» እና «ዘመን» ነው። ሰዓት ስንል አንድ ነጥብ እናስባለን። ዘመን ስንል ሰው ተወልዶ የሚያድግበት፣ መንግሥት የሚለወጥበት ረጅም ነገር እናስባለን። ወቅት ስንል ተመልሶ የሚመጣ ነው፣ የዘር ወቅት፣ የአጨዳ ወቅት። አፍታ ስንል የዓይን ጥቅሻ ታህል ናት። ቀን ስንል ደግሞ አንዳንዴ ሃያ አራት ሰዓት ነው፣ አንዳንዴ ዘመን ነው። «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ሲባል ቅሉ ድንጋይ የሚሰብረው ማክሰኞ ዕለት አይደለም።

እንግሊዝኛው ይህን የስም ሥራ ለመስተዋድዱ ሰጥቶታል። ስለዚህ «ታይም»ን ስንጽፍ መጀመሪያ ራሳችንን መጠየቅ ያለብን «ኢን ነው ወይስ አት?» ብለን አይደለም። «ይህ ታይም በአማርኛ የትኛው ነው? ሰዓት ነው? ዘመን ነው? የጊዜ ርዝመት ነው?» ብለን ነው። መልሱ ሲገኝ መስተዋድዱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይገኛል።

ሰዓት ከሆነ «አት»

«ታይም» ስንል በልባችን «ሰዓት» ወይም «ነጥብ» ካሰብን «አት» ነው። «አት ዘ ራይት ታይም» በትክክለኛው ሰዓት፣ «አት ኤ ባድ ታይም» በማይመች ሰዓት፣ «አት ኤኒ ታይም» በማንኛውም ሰዓት፣ «አት ዘ ሴም ታይም» በአንድ ሰዓት፣ እኩል።

ጋይንት ውስጥ አንድ እንግዳ እንጀራው ሲቀርብ ድንገት ቢገባ ምን ይባላል? «በጥሩ ሰዓት መጣህ፣ አማትህ ትወድሃለች» ይባላል። ይህ «አት ኤ ጉድ ታይም» ነው። ነጥቡ አንድ ነው፣ እንግዳው ነጥቡ ላይ ገጠመ። አሁን ይህን «ኢን ጉድ ታይም» ብንለውስ? ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። «ኢን ጉድ ታይም» ማለት አስቀድሞ፣ ጊዜ ሳያጥር፣ ተረፍ አድርጎ ማለት ነው። እንጀራው ሲቀርብ የደረሰው እንግዳ «አት ኤ ጉድ ታይም» መጣ፤ ገና ሊጡ ሳይጋገር መጥቶ ምድጃ ዳር የተቀመጠው ግን «ኢን ጉድ ታይም» መጣ። ቅጽሉ ያው «ጉድ» ነው፣ ስሙም ያው «ታይም» ነው። የተለዋወጠው መስተዋድዱና ትንሿ «ኤ» ናት። የሁለቱ እንግዶች ዕጣ ግን አንድ አይደለም።

«በተመሳሳይ ጊዜ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ሁለቱ ሯጮች በተመሳሳይ ጊዜ ገቡ» ብንል አማርኛው ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው፣ እኩል ትከሻ ለትከሻ ገቡ። ሁለተኛው፣ አንዱ ዛሬ ሌላው ባለፈው ዓመት ሮጠው የፈጀባቸው ደቂቃ አንድ ሆነ። የመጀመሪያው ነጥብ ስለሆነ «አት ዘ ሴም ታይም» ነው። ሁለተኛው ርዝመት ስለሆነ «ኢን ዘ ሴም ታይም» ቢባል ያስኬዳል። ስለዚህ ያ የንፋስ መውጫ ልጅ የጻፈው «ኢን ዘ ሴም ታይም» ሰው የማይለው እንግሊዝኛ አይደለም፤ እሱ ያላሰበውን የሚል እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለውን በኤክስ ምልክት ብቻ መመለስ ልጁን ምንም አያስተምረውም።

ርዝመት ወይም ዘመን ከሆነ «ኢን»

አንድ ነገር ተጀምሮ እስኪያልቅ የወሰደውን ርዝመት ስንናገር «ኢን» እንላለን። «ኢን ኤ ሾርት ታይም» በአጭር ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ውስጥ» የምትለዋን ልብ በሉ። በአማርኛ «ውስጥ» ብትጨመር የሚያስኬድ ከሆነ «ኢን» ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ናት። «በአጭር ጊዜ ውስጥ ጨረሰ» ያስኬዳል። «በትክክለኛው ሰዓት ውስጥ መጣ» ግን አያስኬድም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2001 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ ከዚያ በፊት ማንም ሰው በዚያ ፍጥነት ሮጦ አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለው «ኢን ሪከርድ ታይም» ይባላል። እዚህም ርዝመት ነው፤ ግን «ኤ» የለችም።

ሁለተኛው የ«ኢን» ቦታ ዘመን ነው። ዘመን ስንል እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ «ታይም»ን በብዙ ቁጥር ያደርገዋል። «ኢን ኤንሸንት ታይምስ» በጥንት ዘመን፣ «ኢን ሪሰንት ታይምስ» በቅርብ ዘመን፣ «ኢን ሃርድ ታይምስ» በችግር ዘመን። ይህች መጨረሻ ላይ የምትገባ «ስ» ቀላል አይደለችም። ሰዓቱን ዘመን የምታደርገው እሷ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ «ክፉ ቀን» የሚለውን የማያውቅ የለም። በታሪክ «ክፉ ቀን» የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ ነው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሰውም ተከተለ። ስሙ «ቀን» ይባል እንጂ ዓመታት የፈጀ ነው። ከዚያም በኋላ የ1977ቱ ድርቅ አለ፤ ሽማግሌዎች «ሰባ ሰባት» ብቻ ብለው ዝም ይላሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ሲገባ የደረሰውን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህም ሁሉ በእኛ አፍ «ክፉ ቀን» ነው።

በልምምዱ ወቅት «ስለ ከተማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ» ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ስለ ቤተሰቡ ሲጽፍ አያቱ በክፉ ቀን ልጆቻቸውን እንዴት እንዳተረፉ ተረከ። የጻፈው «ኢን ኤ ባድ ደይ» ብሎ ነው። ቃል በቃል ትክክል ነው፤ «ባድ» ክፉ ነው፣ «ደይ» ቀን ነው። ግን ይህን የሚያነብ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ምን ይረዳል? ሴትየዋ አንድ ቀን ሳይቀናቸው እንደዋሉ ይረዳል። ምናልባት አውቶቡስ አምልጧቸው፣ ምናልባት ዝናብ መትቷቸው። የዓመታት መከራ በአንድ ሐረግ ስሕተት ወደ አንድ የማይመች ማክሰኞ ወረደ። ልጁ ማለት የነበረበት «ኢን ባድ ታይምስ» ወይም «ኢን ኤ ታይም ኦፍ ፋሚን» ነው።

እንግዲህ «ሰዋስው ትንሽ ነገር ነው» ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጁ የሚናገረው ነገር አለው። ነገሩም እውነት ነው፣ ከባድም ነው። በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን ክብደቱን አጣ። ከአካባቢያችን ወጥቶ ለዓለም የሚናገር ሰው ከተፈለገ ይህን ክብደት ሳይጥል የሚያሻግር ሰው ያስፈልገናል።

«ለ» ወዳጃችን ናት

እስከ አሁን «በ» የምታስቸግረውን አሳየሁ። ደስ የሚለው ነገር «ለ» አታስቸግርም። «ለረጅም ጊዜ» «ፎር ኤ ሎንግ ታይም» ነው። «ለአጭር ጊዜ» «ፎር ኤ ሾርት ታይም» ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ» «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ነው፣ «ለመጨረሻ ጊዜ» «ፎር ዘ ላስት ታይም» ነው። እነሆ፣ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ ተገናኙ። «ለ» ባለችበት «ፎር» ብሎ መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። ይህን የነገርኳቸው ልጆች ፊታቸው ሲፈካ አይቻለሁ። አማርኛቸው የሚያሰናክላቸው ብቻ ሳይሆን የሚረዳቸውም መሆኑን ከዚያ በፊት የነገራቸው አልነበረም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ከ» ላይ ነው። «ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» የሚለውን ብዙ ሰው «ሲንስ ሎንግ ታይም» ይለዋል። «ሲንስ» መነሻ ነጥብ ትፈልጋለች፤ ከ2010 ጀምሮ፣ ከፋሲካ ጀምሮ። «ረጅም ጊዜ» ግን መነሻ ሳይሆን ርዝመት ነው። ስለዚህ «ፎር ኤ ሎንግ ታይም» እንላለን። «ከረጅም ጊዜ በፊት» ስንል ደግሞ ከፊት መስተዋድድ የሚባል ነገር የለም፤ «ኤ ሎንግ ታይም አጎ» ብቻ ነው።

እንደ ንብ መንጋ አብረው የሚሄዱት

ሁሉም በሕግ ይገባል ብዬ አላታልላችሁም። እንዳሉ መያዝ ያለባቸው ጥቂት ሐረጎች አሉ። ከእነዚህ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ኢን ኖ ታይም» ነው። ቃል በቃል «በምንም ጊዜ ውስጥ» ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ወዲያው፣ በአፍታ ማለት ነው። ጊዜ ምንም ያህል ሳይወስድ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «አት ኖ ታይም» ነው። ይህ ደግሞ በጭራሽ፣ በየትኛውም ሰዓት አይደለም ማለት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አደገኛ ነው። «ገንዘቡን ኢን ኖ ታይም እመልሳለሁ» ያለ ሰው ነገ ይመልሳል። «አት ኖ ታይም እመልሳለሁ» ያለ ሰው ግን ክዷል! አያችሁ፣ እዚህም የነጥብና የርዝመት ልዩነቱ አለ። ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ነገሩ ፈጣን ነው፤ የሚፈጸምበት ነጥብ ዜሮ ከሆነ ግን ነገሩ የለም። «አት ኖ ታይም» ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ደግሞ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል። «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ አስክ» ይባላል እንጂ «አት ኖ ታይም ሂ አስክድ» አይባልም።

ሦስተኛው ከላይ ያየነው «ኢን ጉድ ታይም» ነው። ለዚህ አማርኛችን በጣም የሚቀርብ ቃል አለው፤ «በጊዜ» ነው። «ማታ በጊዜ ግባ» ሲባል ሳይመሽ፣ ቀደም ብለህ ግባ ማለት ነው። «ነገ በጊዜ ና» ሲባልም ማልደህ ና ማለት ነው። «በጊዜ» ውስጥ «ጥሩ» የሚል ቅጽል የለም፣ እንግሊዝኛው ግን «ጉድ» ይጨምራል። ተማሪው «በጊዜ»ን «ኢን ታይም» ብሎ ይተረጉማል። «ኢን ታይም» ማለት ግን ነገሩ ሳያመልጥ ደረሰ ማለት ብቻ ነው፤ በር ሲዘጋ እየሮጠ የገባም «ኢን ታይም» ገባ። «ኦን ታይም» ደግሞ በቀጠሮው ሰዓት ልክ፣ «በሰዓቱ» ማለት ነው። አንድ የሥራ ማስታወቂያ ማስረጃዎቻችሁን «ኢን ጉድ ታይም» ላኩ ቢል ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ላኩ ማለቱ ነው። «በሚመቻችሁ ጊዜ» ብሎ የተረዳ ሰው ሥራው አመለጠው ማለት ነው።

ቅጽል ባይኖረውም አንድ ነገር ልጨምር። «ከጊዜ ወደ ጊዜ» እና «ፍሮም ታይም ቱ ታይም» መልካቸው መንታ ነው፣ ትርጉማቸው ግን አይገናኝም። አማርኛው «ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መጣ» ሲል እያደር ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ግን አልፎ አልፎ ማለቱ ነው። በሽታ እያደር ባሰበት ለማለት የፈለገ ታማሚ አልፎ አልፎ ያመኛል ብሎ ቢናገር ሐኪሙ ምን ያደርጋል? አስቡት።

«አማርኛ ክልክል ነው»

ወደ ዋናው አስተያየቴ ልምጣ። በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍሎች አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ዓላማው ይገባኛል። ልጁ ወደ አማርኛ ከሸሸ እንግሊዝኛ መናገር አይለምድም። ለንግግር ልምምድ ይህ ሐሳብ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክልከላው ልጁ በአማርኛ ማሰቡን አያስቀርም። አፉን እንጂ ልቡን አይዘጋውም። ልጁ በልቡ «በተመሳሳይ ጊዜ» ይልና «በ» ኢን ነች ብሎ «ኢን» ይጽፋል። ትርጉሙ በድብቅ ይካሄዳል፣ መምህሩ የሚያየው የተሳሳተውን ውጤት ብቻ ነው። ድብቁን ትርጉም ወደ ሰሌዳ አውጥተን አብረን ብናየው አይሻልም?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ይህ ማለት የጋይንት ልጅ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ ባዮሎጂውንም የሚረዳው በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ በመስተዋድድ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲያ ማለት ቀልድ ይሆናል። ግን የፊዚክስ ጥያቄ «አት ዘ ሴም ታይም» እና «ኢን ዘ ሴም ታይም» ሲል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለት ኳሶች እኩል መሬት ነኩ ማለትና እያንዳንዳቸው የፈጀባቸው ሰከንድ እኩል ነው ማለት አንድ አይደለም። ፊዚክሱን የሚያውቅ ልጅ በሐረግ ምክንያት ቢሳሳት ያሳዝናል።

«ፈረንጁ ይገባዋል፣ ግድ የለም» የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ይገባዋል፣ አንዳንዴ አይገባውም። ሰዓታችንን ብቻ እንውሰድ። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ የእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት እንለያያለን። የባሕር ዳሩ መኪና «ንጋት በ12 ሰዓት ይነሣል» ብለን ለእንግዳው «አት ትዌልቭ» ብንለው እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን ይዞ ባዶ መናኸሪያ ይመጣል። ማንም አልዋሸውም፣ መስተዋድዱም ትክክል ነው። የተሳሳተው ነጥቡ የሚቆጠርበት መነሻ ነው። ጊዜን ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር የቃል ትርጉም ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ምን ይደረግ?

የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መምህራንና ነገ መምህራን የምንሆን ተማሪዎች «ታይም»ን ስናስተምር የሰሌዳውን ሕግ ብቻ ጽፈን አንለፍ። ሰዓት፣ ርዝመትና ዘመን ብለን ሦስት ዓምድ እናስምር፤ ከሥሩ አማርኛውን፣ ከጎኑ እንግሊዝኛውን እንጻፍ። ወረቀት የለም፣ መጽሐፍ የለም የሚል ምክንያት እዚህ አይሠራም፤ የሚያስፈልገው ጠመኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐረጉን ሙሉውን እንያዝ። «ጉድ» ብቻ፣ «ታይም» ብቻ አይሸመደድ። መስተዋድዱን፣ «ኤ»ዋን፣ ቅጽሉንና ስሙን አንድ ላይ፣ ከዓረፍተ ነገር ጋር እንያዝ። ዓረፍተ ነገሩም ልጁ ከሚያውቀው ሕይወት ይሁን፤ ስለ ለንደን ባቡር ከሚሆን ስለ ድንች ዘርና ስለ ጠዋቱ መኪና ይሁን።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ክፍላችን የአማርኛና የእንግሊዝኛ የጊዜ ሐረጎችን እያነጻጸረ የሚያሳይ ትንሽ ጥራዝ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። በየዓመቱ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ያየነውን ብናዋጣ ሥራው አይከብድም። የሚሰበሰበውም ከልጆቹ ደብተር ነው፤ ከደብተሩ በላይ የት እንደሚሰናከሉ የሚነግረን የለም።

ይህን ስል አማርኛ የእንግሊዝኛን ቦታ ይውሰድ ማለቴ አይደለም። ከቤታችን ተነሥተን ወደ ሌላው ቤት እንሂድ ማለቴ ነው። የንፋስ መውጫ ልጅ ሰዓትና ዘመን፣ አፍታና ወቅት የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ እንግሊዝኛ አልጠበቀም። ያንን ከአያቱ ተምሯል። የእኛ ሥራ የሚያውቀውን ልዩነት በእንግሊዝኛ የት እንደሚያስቀምጠው ማሳየት ነው። ከእኔ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ጻፉበት። ብቻ በጊዜ አድርሱን፤ በእንግሊዝኛው «ኢን ጉድ ታይም» ማለቴ ነው።